የአየር ማስገቢያ ቱቦና የሞተር ኮምፒውተር ማስተካከያ የመኪናን ጉልበት ምን ያህል ይጨምራሉ?

የአንድ መሥሪያ ቤት የስምሪት ክፍል ኃላፊ መኪኖቹ ዳገት ላይ ጉልበት እንደሚያንሳቸው ከሾፌሮች ሪፖርት ሲደርሰው ሁለት ዓይነት መፍትሔ ሊቀርብለት ይችላል። አንደኛው መኪኖቹን ጋራዥ አስገብቶ ጉድለታቸውን ማስመርመር ነው። ሁለተኛው ደግሞ በዓለም የመለዋወጫ ገበያ በስፋት የሚሸጡትን የጉልበት መጨመሪያ ዕቃዎች መግዛት ነው። ከእነዚህም መካከል ከፋብሪካው የአየር ማስገቢያ ይልቅ የሚገጠሙ ሰፋፊ ቱቦዎችና ማጣሪያዎች፣ እንዲሁም የሞተሩን ኮምፒውተር የሚያስተካክሉ መሣሪያዎች ዋነኞቹ ናቸው።

የዕቃዎቹ ሻጮች በማስታወቂያዎቻቸው የሞተሩ ጉልበት በ10፣ በ15፣ አልፎ አልፎም በ30 በመቶ እንደሚያድግ፣ ነዳጅም እንደሚቆጠብ ይገልጻሉ። ይህ አባባል በከፊል እውነትነት ያለው፣ በከፊል የተጋነነ፣ በአንዳንድ ዕቃዎች ረገድ ደግሞ ፈጽሞ መሠረት የሌለው ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይቶ ለማወቅ ሞተር ጉልበቱን ከየት እንደሚያገኝ መረዳት ያስፈልጋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና።

ሞተር ጉልበቱን የሚያገኘው ከምንድን ነው?

የቤንዚን ሞተር በመሠረቱ አየር የሚስብ መሣሪያ ነው። ነዳጅ የሚቃጠለው ከአየር ጋር ተቀላቅሎ በመሆኑ ወደ ሲሊንደር የሚገባው አየር መጠን የሚቃጠለውን ነዳጅ፣ የሚቃጠለው ነዳጅም የሚገኘውን ጉልበት ይወስናል። 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14 ነጥብ 7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ነዳጅ መጨመር ቀላል ሲሆን አየር መጨመር ግን ከባድ ነው።

ለአብነት ያህል በአገራችን በብዛት ከሚታዩት አነስተኛ አውቶሞቢሎች መካከል 1 ሺህ 300 ሲ.ሲ የሆነ ሞተር እንውሰድ። ይህ ሞተር በደቂቃ 6 ሺህ ጊዜ ሲሽከረከር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ አየር ስለሚስብ በአንድ ደቂቃ እስከ 3 ሺህ 900 ሊትር አየር መሳብ ይኖርበታል። በተግባር ሲሊንደሮቹ ሙሉ በሙሉ ስለማይሞሉ የሚገባው አየር ወደ 3 ሺህ 500 ሊትር ይጠጋል። ይህ መጠን በባሕር ጠለል አካባቢ ሲመዘን 4 ነጥብ 2 ኪሎ ግራም ገደማ የሚሆን ሲሆን፣ ከዚህ የሚገኘውም ጉልበት ከ85 የፈረስ ጉልበት ጋር ይቀራረባል።

አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ የሳሳ በመሆኑ ያው 3 ሺህ 500 ሊትር አየር ሲመዘን ከ3 ነጥብ 2 ኪሎ ግራም ብዙም አይበልጥም። በሌላ አነጋገር ሞተሩ ሩብ ያህል አየሩን አጥቷል ማለት ነው። በመሆኑም በሽያጭ ሰነዱ ላይ 85 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተመዘገበው መኪና በመዲናዋ ጎዳናዎች የሚያወጣው ጉልበት ከ65 እምብዛም አይዘልም። ሾፌሮች ወደ አዋሽ ወይም ወደ ሠመራ ሲወርዱ መኪናው እንደነቃ የሚሰማቸው፣ ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጡ ደግሞ እንደደከመ የሚሰማቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ እውነታ ለጉዳዩ ቁልፍ ነው። ብዙ መኪኖች ጉልበት የሚያንሳቸው በብልሽት ሳይሆን በከፍታው ሳቢያ ሲሆን፣ ቱርቦ ለሌለው ሞተር ይህንን ጉድለት ሊሞላ የሚችል ቱቦም ሆነ ማጣሪያ የለም። ሰፊ ቱቦ የሳሳውን አየር ሊያወፍረው አይችልም።

የአየር ማስገቢያ ቱቦና ማጣሪያ

የአየር ማስገቢያ ዕቃዎች ሻጮች የሚያቀርቡት መከራከሪያ በሁለት ነጥቦች ላይ ያረፈ ነው። አንደኛው የፋብሪካው ማጣሪያ አየሩን ያንቃል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው አዲሱ ቱቦ ቀዝቃዛ አየር ያስገባል የሚል ነው።

የመጀመሪያውን ነጥብ በቁጥር መመዘን ይቻላል። ንጹሕ የሆነ የወረቀት ማጣሪያ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ በሚሠራበት ጊዜ የሚፈጥረው የግፊት መቀነስ ብዙውን ጊዜ 1 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። በአዲስ አበባ የአየር ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ በመሆኑ ማጣሪያው ጭራሽ ተነቅሎ ቢጣል እንኳ የሚገኘው ትርፍ ከ1 በመቶ ብዙ አይርቅም። ይህም ከ65 የፈረስ ጉልበት ውስጥ አንድ ፈረስ እንኳ በቅጡ የማይሞላ ነው። ከዚህም ባሻገር ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው በማይረግጥበት የዘወትር አነዳድ የአየሩን መጠን የሚገድበው ማጣሪያው ሳይሆን ከነዳጅ መስጫው ጋር የተያያዘው የአየር በር ነው። በሩ በከፊል ተዘግቶ ሳለ ከበሩ በፊት ያለውን ቱቦ ማስፋት የሚለውጠው ነገር የለም።

ሁለተኛው ነጥብ በመርህ ደረጃ ትክክል ነው። የአየር ሙቀት በ3 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀንስ የአየሩ ጥግግት በ1 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የዘመኑ መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ አየር የሚስቡት ከራዲያተሩ ፊት ወይም ከጎማ መሸፈኛው አካባቢ፣ ማለትም ከውጭ ነው። በአንጻሩ በርካታዎቹ ተገጣሚ ዕቃዎች ክፍት የሆነውን ማጣሪያ ኮፈኑ ሥር ከሞተሩ አጠገብ ያስቀምጡታል። በዚህ ቦታ ደግሞ በተለይ መኪናው በትራፊክ መጨናነቅ ቆሞ በሚጠብቅበት ጊዜ ሙቀቱ ከውጭው በብዙ ዲግሪ ይበልጣል። ቀዝቃዛ አየር ያስገባል ተብሎ የተገዛው ዕቃ ትኩስ አየር አስገብቶ ጉልበት ሊቀንስ የሚችልበት አጋጣሚ አለ ማለት ነው።

ታዲያ ዕቃውን የገጠሙ ብዙ አሽከርካሪዎች መኪናቸው እንደተሻሻለ የሚናገሩት ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ድምፅ ነው። የፋብሪካው ማስገቢያ የአየር መሳብን ድምፅ ለማፈን ጭምር የተሠራ ሲሆን፣ ክፍቱ ማጣሪያ ግን ድምፁን ይለቀዋል። ጆሮ የሰማውን ጩኸት ልብ እንደ ጉልበት ይቆጥረዋል። ሁለተኛው ምክንያት የቀድሞው ማጣሪያ በአቧራ የተደፈነ የነበረ መሆኑ ነው። አሮጌው ወጥቶ አዲስ ሲገባ የታየው ለውጥ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ያንኑ ለውጥ በጥቂት ገንዘብ የሚገዛ ተራ የወረቀት ማጣሪያም ያስገኘው ነበር።

በዚህ ረገድ በአሜሪካ የሚገኘው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ በ2009 ይፋ ያደረገው ጥናት ጠቃሚ መረጃ ይሰጣል። ጥናቱ እንዳመለከተው በኮምፒውተር በሚታዘዙ የቤንዚን መኪኖች ላይ የተደፈነ ማጣሪያን መቀየር የነዳጅ ፍጆታን በሚታይ ደረጃ አይለውጥም፤ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ የገባውን አየር ለክቶ ነዳጁን በዚያው ልክ ያስተካክላል። የመኪናው የመፈትለክ አቅም ግን ከ6 እስከ 11 በመቶ ይሻሻላል። ካርቡሬተር ያላቸው አሮጌ መኪኖች ግን ማጣሪያቸው ሲደፈን ነዳጅም ያባክናሉ። ስለሆነም ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ ለዘመናዊ መኪና የሚቀርብ ውድ ማጣሪያ ገና ከመነሻው ጥያቄ ውስጥ የሚገባ ነው።

ከጥቅሙ ጎን ለጎን ጉዳቱም መመዘን አለበት። በዘይት የሚታሸው የጥጥ ማጣሪያ አየር በቀላሉ የሚያሳልፈው ቀዳዳዎቹ ሰፋ ያሉ በመሆናቸው ነው፤ አየር በቀላሉ ያሳለፈ ማጣሪያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ደቃቅ አቧራንም አብሮ ያሳልፋል። ጠጠርና አፈር መንገድ በሚበዛባቸው ወረዳዎች ለሚንቀሳቀስ የመስክ መኪና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደቃቅ አቧራ የሲሊንደሩን ግድግዳና የፒስተኑን ፋሻ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል። በዚህ መንገድ የተበላ ሞተር ዘይት ማቃጠል ይጀምራል፤ ጉልበቱንም በቋሚነት ያጣል። በተጨማሪም ከማጣሪያው የሚረጨው ዘይት የአየር መጠን መለኪያውን ሴንሰር ሊያቆሽሸው ይችላል። የማጣሪያው አፍ ወደ ታች ዝቅ ብሎ በተገጠመባቸው መኪኖች ደግሞ ጎርፍ በሚያጋጥምበት ጊዜ ሞተሩ ውኃ ስቦ ሊሰበር ይችላል።

የሞተር ኮምፒውተር ማስተካከያ

የኮምፒውተር ማስተካከያ ጉዳይ ከአየር ማስገቢያው ለየት ያለ ነው። በዘመናዊ ሞተር ውስጥ የሚረጨውን ነዳጅ መጠን፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበትና የቱርቦውን ግፊት የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ የሚመራባቸውን የቁጥር ሠንጠረዦች መለወጥ የሞተሩን ጠባይ በእርግጥም ይለውጣል። ውጤቱ ግን እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል።

ቱርቦ በሌለው የቤንዚን ሞተር ላይ ፋብሪካው ለጥንቃቄ የተወው ክፍተት ጠባብ ነው። የእሳቱን ቅጽበት በማስቀደም የሚገኘው ትርፍ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት በመቶ አያልፍም፤ እሱም ቢሆን ከፍ ያለ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ይጠይቃል። የሚገባው አየር ስላልጨመረ ኮምፒውተሩ ምንም ቢታዘዝ ከሌለ አየር ጉልበት ሊፈጥር አይችልም።

ቱርቦ ባለው ሞተር ላይ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ቱርቦ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየርን አምቆ ወደ ሲሊንደር የሚያስገባ መሣሪያ በመሆኑ ግፊቱ በኮምፒውተር ትእዛዝ ከፍ ሲል አየሩም ጉልበቱም አብሮ ይጨምራል። በእንዲህ ዓይነት ሞተሮች ላይ በብቁ ባለሙያ የተሠራ ማስተካከያ ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ተጨማሪ ጉልበት ማስገኘቱ በመለኪያ የሚረጋገጥ ነው። ስለዚህ የሻጮቹ አባባል በዚህ በኩል ውሸት አይደለም።

ጥያቄው ትርፉ በምን ዋጋ ይገኛል የሚለው ነው። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ነው። ቱ ኬ ዲ በመባል የሚታወቀው የ2 ነጥብ 5 ሊትር የናፍጣ ሞተር እንደየገበያው በ102፣ በ120 እና በ144 የፈረስ ጉልበት ተሠርቶ ይሸጥ ነበር። ይህን የተመለከተ ሰው ልዩነቱ የኮምፒውተር ብቻ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ፋብሪካው ጉልበቱን ወደ 144 ሲያሳድግ የተለየ ቱርቦና የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ኢንተርኩለር ጨምሯል። የዕቃዎቹን አቅም ሳይለውጡ ቁጥሩን ብቻ መለወጥ ጭነቱን ወደ ፍሪሲዮኑ፣ ወደ ካምቢዮውና ወደ ቱርቦው ማስተላለፍ ነው።

የአገራችን ከፍታ እዚህም ላይ የራሱ ተጽዕኖ አለው። ቱርቦ በሳሳ አየር ውስጥ የተፈለገውን ግፊት ለመስጠት ከባሕር ጠለል ይልቅ በፍጥነት መሽከርከር ይኖርበታል። በአውሮፓ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ዝቅተኛ ቦታዎች የተዘጋጀን ማስተካከያ አዲስ አበባ ላይ እንዳለ መጫን ቱርቦውን ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ሊያሽከረክረው ይችላል። በናፍጣ መኪኖች ላይ በሽቦ የሚቀጠሉ ርካሽ ሳጥኖች ደግሞ የነዳጅ ግፊት ሴንሰሩን መረጃ በማዛባት ተጨማሪ ናፍጣ እንዲረጭ ያደርጋሉ። የተጨመረውን ናፍጣ የሚያቃጥል በቂ አየር ከሌለ ውጤቱ ጥቁር ጭስ፣ የሞተር ከልክ ያለፈ ሙቀትና የነዳጅ ብክነት ነው። ጥቁር ጭስ የሚተፋ መኪና ጉልበት የጨመረ ሳይሆን ነዳጁን ወደ ሰማይ የሚበትን መኪና ነው።

ብልጭ ብቻ የሚሉ ዕቃዎች

ከላይ ከተጠቀሱት የተለየ ሦስተኛ ወገን አለ። እነዚህ ከመኪናው መመርመሪያ ሶኬት ላይ የሚሰኩ ትናንሽ ሳጥኖች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ተከፍተው ሲታዩ ውስጣቸው ብልጭ የሚል መብራትና ጥቂት የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጮች እንጂ ሌላ የላቸውም። ሌሎቹ ደግሞ የአየር ሙቀት ሴንሰሩን በአንዲት አነስተኛ ሬዚስተር በመተካት ኮምፒውተሩ አየሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ እንዲያምን ያደርጋሉ። ኮምፒውተሩ ለጊዜው ነዳጅ ይጨምራል፤ ነገር ግን ጭሱን የሚከታተለው የኦክስጅን ሴንሰር ስሕተቱን ስለሚነግረው መልሶ ያስተካክለዋል። የነዳጅ መስጫውን ምላሽ የሚያፋጥኑ መሣሪያዎችም ቢሆኑ እግር በትንሹ ሲረግጥ መኪናው በብዙ እንዲመልስ ከማድረግ በስተቀር የሞተሩን ከፍተኛ ጉልበት በአንዲት ፈረስ እንኳ አያሳድጉም።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 የሚበልጡ ዕቃዎችን መርምሮ አብዛኞቹ ጥቅም እንደሌላቸው፣ ጥቂቶቹም የሚያስገኙት ለውጥ እጅግ አነስተኛ እንደሆነ አስታውቋል። ይኸው ኤጀንሲ እ.ኤ.አ በ2020 ባወጣው ሪፖርት በአሥር ዓመት ውስጥ ከ550 ሺህ በላይ የናፍጣ ፒክአፖች የጭስ መቆጣጠሪያቸው እንደተነቀለ ወይም እንዳይሠራ እንደተደረገ ገምቷል። ብዙዎቹ እንዲህ የሆኑት በኮምፒውተር ማስተካከያ አማካይነት ነው። በካሊፎርኒያ ግዛትም በጭስ ቁጥጥር ላይ ተጽዕኖ ሊኖረው የሚችል ተገጣሚ ዕቃ፣ የአየር ማስገቢያን ጨምሮ፣ የግዛቲቱ የአየር ሀብት ቦርድ የፈቃድ ቁጥር ከሌለው በጎዳና ላይ በሚሄድ መኪና ላይ እንዲውል አይፈቀድም። ይህም ጉዳዩ የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የኅብረተሰቡ ጤና ጉዳይ መሆኑን ያሳያል።

የመለኪያ ማስረጃ እንዴት ይነበባል?

ጉልበትን የሚለካው መሣሪያ ዳይኖ በመባል ይታወቃል። መኪናው ቸርኬዎቹ በከባድ ሮለር ላይ እንዲዞሩ ተደርጎ የሚያወጣው ኃይል ይመዘገባል። ይሁን እንጂ ከዳይኖ የወጣ ወረቀት ሁሉ ማስረጃ አይደለም። ያው መኪና በተከታታይ ሲለካ ውጤቱ በ1 እና በ2 በመቶ ሊለያይ ይችላል። የሞተሩ ሙቀት፣ የጎማው ንፋስ፣ የኮፈኑ መከፈትና መዘጋት ሁሉ ቁጥሩን ይለውጣሉ። ኮፈኑ ተከፍቶ ፊት ለፊቱ ትልቅ ማራገቢያ ተደቅኖ የተለካ አየር ማስገቢያ በጎዳና ላይ ያን ያህል ውጤት አይሰጥም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማስታወቂያው የሚጠቅሰው ቁጥር በአንድ የሽክርክሪት ፍጥነት ላይ የታየውን ከፍተኛ ልዩነት ብቻ ሊሆን ይችላል። በደቂቃ 6 ሺህ ላይ የተገኘ 5 የፈረስ ጉልበት በደቂቃ 2 ሺህ 500 ለሚነዳ የመሥሪያ ቤት መኪና የሚፈይደው ነገር የለም።

ስለሆነም ይህን መሰል ዕቃ ለመግዛት ፕሮፎርማ የቀረበለት የሥራ ኃላፊ የሚከተሉትን ነጥቦች ቢጠይቅ የመንግሥትን ገንዘብ ከብክነት ይጠብቃል። ልኬቱ ከመገጠሙ በፊትና በኋላ በአንድ ዳይኖ፣ በአንድ ቀን፣ ቢያንስ ሦስት ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ተወስዷልን? የተለካው በዚህ ከፍታ ላይ ነው ወይስ በሌላ አገር? ማጣሪያው አቧራን የመያዝ አቅሙ አይ ኤስ ኦ 5011 በተባለው ዓለም አቀፍ የመፈተሻ ደረጃ ተመርምሯልን? የመኪናው አምራች ወይም ወኪሉ ዋስትናው በዚህ ምክንያት እንደማይቋረጥ በጽሑፍ ያረጋግጣልን? ሞተሩ ጉዳት ቢደርስበት ኃላፊነቱን የሚወስደው ማን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች የጽሑፍ ምላሽ የማይሰጥ አቅራቢ ዕቃውን ሳይሆን ተስፋውን እየሸጠ ነው ማለት ይቻላል።

ቅድሚያ የሚሰጠው ሥራ

ጉልበት አነሰው የተባለ መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ዕቃ ሳይሆን የነበረውን ማስመለስ ነው። የተደፈነ የአየርና የነዳጅ ማጣሪያ፣ ያረጀ ካንዴላ፣ የቆሸሸ ኢንጀክተር፣ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን፣ ተጣብቆ የቀረ ፍሬን፣ የተዘጋ ማርሚታና ንፋሱ የወረደ ጎማ እያንዳንዳቸው ከማንኛውም ቱቦ የሚበልጥ ጉልበት ይሰርቃሉ። የሲሊንደሮቹን እመቃ ማስለካት ሞተሩ ምን ያህል እንደተበላ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያሳያል። ካርቡሬተር ባላቸው አሮጌ መኪኖች ላይ ደግሞ ለባሕር ጠለል የተስተካከለው የነዳጅ ቀዳዳ በአዲስ አበባ ከፍታ ድብልቁን በ15 በመቶ ገደማ ስለሚያወፍረው፣ ካርቡሬተሩን ለቦታው ማስተካከል ነዳጅም ይቆጥባል፤ ጉልበትም ይመልሳል። እውነተኛ የጉልበት ማስተካከያ የሚባል ቢኖር ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። ይህም ማለት አሁን በእጅ ያሉት የነዳጅ መኪኖች በቀላሉ በሌላ የሚተኩ አይደሉም ማለት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር አየር ስለማይስብ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ የአየር ማስገቢያ ቱቦም አያሻውም። የነዳጁ መኪና ግን እስካለ ድረስ ዕድሜው የሚረዝመው በንጹሕ አየር፣ በንጹሕ ዘይትና በወቅቱ በሚደረግ ጥገና ነው።

በአጠቃላይ የአየር ማስገቢያ ቱቦ ብቻውን የሚጨምረው ጉልበት ከ1 ወይም ከ2 በመቶ እምብዛም የማያልፍ፣ በአቧራማ አካባቢ ደግሞ ሞተርን ለጉዳት የሚያጋልጥ ነው። የኮምፒውተር ማስተካከያ ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ ጥቅሙ ጥቂት ሲሆን፣ ቱርቦ ባለው ላይ እውነተኛ ቢሆንም የዕቃዎቹን ዕድሜ ያሳጥራል። የሚሰኩት ትናንሽ ሳጥኖች ደግሞ ከብልጭታ በቀር የሚሰጡት የለም። በመሆኑም የሕዝብ ሀብት የሆኑ ተሽከርካሪዎችን እንዲያስተዳድሩ አደራ የተጣለባቸው የሥራ ኃላፊዎችና ሠራተኞች ግዥ ከመፈጸማቸው አስቀድሞ ምርመራን፣ ከማስታወቂያ ይልቅም ልኬትን ሊያስቀድሙ ይገባል።